የቀኑ ክኒን ቢቀር ምን ይተርፋል? ስለ ፓርኪንሰን መድኃኒቶች ወጪና ጥቅም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጎንደር ፍርድ ቤት አካባቢ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፉ ነው ያሳደጉን። ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጽሕፈታቸውም እያነሰ ሄዶ ሰው ማንበብ አቃተው። ፓርኪንሰን ነው ተባለ። መጀመሪያ አርቴን የሚባል ክኒን ታዘዘላቸው። አሁን 250/25 የሚባለውን ሌቮዶፓ ግማሽ ግማሽ ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ፤ አርቴኑም አልቀረም። ለውጥ አለ። ግን ክኒኑ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ጨምሮ ነው። አባቴ ሳይነግሩኝ የቀኑን እየዘለሉ ያስተርፋሉ፤ ‹ቶሎ ከለመድኩት ኋላ አይሠራልኝም› ይላሉ። ሲወስዱት ደግሞ ያቅለሸልሻቸዋል። ለዐቢይ ጾም ጸበል ገብቼ መድኃኒቱን አቆማለሁ ብለዋል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ አዲስና የተሻለ መድኃኒት እልካለሁ ይላል። የቱ ነው የሚያዋጣን? — አስተማሪ፣ ከአዘዞ»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ነገር ይዟል፤ እኔ ግን ከቀኑ ክኒን ልነሣ። አባትሽ ሳያውቁት ትልቁን ዋጋ የሚከፍሉት እዚያ ላይ ነውና።

ግማሽ ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ሲወሰድ በወር 45 ፍሬ ይፈጃል። የቀኑን ሲዘሉ 15 ፍሬ ይተርፋቸዋል። በአስተማሪ ደመወዝ ለሚተዳደር ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን የሚያጡትን እንቁጠር። ሌቮዶፓ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። አንጎል የተወሰነውን ስለሚያስቀምጥ ጥቅሙ ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዋጡት እስከ 7 ሰዓት ይዟቸው ዋለ እንበል። ከዚያ እስከ ማታ 1 ሰዓት ያለው 6 ሰዓት ሰውነታቸው የሚገተርበት፣ እጃቸው ለብዕር የማይታዘዝበት ይሆናል። በወር 180 ሰዓት ማለት ነው። 15 ክኒን ለማትረፍ የሚሰጡት ይህንን ነው። ከሰዓት በኋላ ተገትረው ሲነሡ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ቤታችሁ የሚገባው ወጪ ገና አልተቆጠረም፤ የጎንደርን ዳገትና የድንጋይ ደረጃ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ «አንዱ ፍሬ ስንት ነው?» ከማለት አልፈን «ይህ ብር አባቴ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱበትን ስንት ሰዓት ይገዛልኛል?» ብለን እንጠይቅ። ለሕሙማኔ ቤተሰብ ስመክር የምይዘው ሚዛን ይኸው ነው።

«ቶሎ ከለመድኩት ኋላ አይሠራልኝም» የሚለው ስጋት የአባትሽ ብቻ አይደለም። እኛ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን አምነንበታል። ክኒኑን ለክፉ ቀን እናቆየው እያልን ብዙ ሰው ገና መሥራት በሚችልበት ዕድሜው ቤት እንዲውል አድርገናል። ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅስቃሴያችንን የሚያቀላጥፈው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን የሚያመርቱት በአንጎል ሥር በምትገኝ ጠቆር ያለች ሥፍራ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። ፓርኪንሰን እነዚህን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል። ዶፓሚኑን ራሱን ብንውጠው ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።

ያልሞቱትን ሕዋሳት እንደ ጎተራ ቁጠሪያቸው። ጎተራ ያለው ቤት እህሉ አንዴ ከገባለት ክረምቱን ሁሉ ይበላል። ጎተራው የፈረሰበት ቤት ግን ዕለት ዕለት እየሸመተ ነው የሚያድረው፤ ገበያ ያልቆመ ዕለት በዚያው ቀን ጦሙን ያድራል። በሽታው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ሳለ የጠዋቱ ክኒን ቀኑን ያዳርሳል። እየገፋ ሲሄድ ግን ክኒኑ ሲገባ ሰውየው ይነሣል፣ ሲወጣ ይገተራል። ይህን ያየ ሰው «መድኃኒቱ ጉልበቱ አለቀ» ይላል። ያለቀው ጎተራው ነው። ክኒኑን ሦስት ዓመት ሳይውጡ በመቆየት ደግሞ ጎተራው አይጠገንም።

ለዚህ ማስረጃ አለ። በፈረንጆቹ 2014 የታተመ አንድ ጥናት የጋናንና የጣሊያንን ሕሙማን አነጻጽሯል። የጋናዎቹ እንደኛው ክኒኑን በቀላሉ ስለማያገኙ በአማካይ ከታመሙ ከ4 ዓመት በላይ ቆይተው ነው የጀመሩት፤ ጣሊያኖቹ ግን 2 ዓመት አለፍ እንዳላቸው ጀመሩ። የክኒኑ ውጤት መዋዠቅና ሰውነት ያለፈቃድ መወራጨቱ በሁለቱም አገር ከበሽታው መነሻ ሲቆጠር በተቀራራቢ ጊዜ መጣ። የጋናዎቹ በመቆየታቸው ያተረፉት አልነበረም፤ ያጡት ግን በደህና ሊሠሩበት ይችሉ የነበረውን ሁለት ዓመት ነው። ለመወራጨቱ ያጋለጠው የበሽታው ዕድሜና የየዕለቱ መጠን መብዛት እንጂ ክኒኑ የተወሰደበት ዘመን ርዝመት አልነበረም። በ2019 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ 445 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ወዲያው፣ ሌላው ከ40 ሳምንት በኋላ ሌቮዶፓ ጀመረ። በ80ኛው ሳምንት ሲታዩ ልዩነት አልነበራቸውም። ስለዚህ ለአባትሽ በድፍረት ንገሪያቸው፤ ቀድሞ መጀመር በሽታውን አያፋጥነውም፣ ክኒኑንም አያደክመውም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መጠኑ ላይ ነው፤ ሥራቸውን የሚያሠራቸው ትንሹ መጠን ይበቃል፤ መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ እያሉ መጨመር አይገባም።

የማይጠቅመውንም ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሌቮዶፓ በሽታውን አያቆመውም። ቀርፋፋነትንና ግትርነትን በደንብ ይፈታል፤ መንቀጥቀጡን በአንዳንዱ ሰው ላይ ብዙ፣ በአንዳንዱ ላይ ጥቂት ይቀንሳል። ሚዛን መሳትን፣ የድምፅ መድከምን፣ የሆድ ድርቀትንና መርሳትን ግን ብዙም አይነካም። ድምፃቸው አልተመለሰም ብላችሁ መጠኑን ብታስጨምሩ ገንዘቡ ይወጣል እንጂ ድምፁ አይመጣም።

አሁን ወደ አርቴኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሥጋት አለኝ። አርቴን ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ መንቀጥቀጥንም ያበርዳል። ለ45 ዓመት ሰው ሊመረጥ ይችላል። 68 ዓመት ለሞላው ሰው ግን ርካሽነቱ ያታልላል። አፍ ያደርቃል፣ በሽታው ራሱ የሚያመጣውን የሆድ ድርቀት ያብሳል፣ ፕሮስቴቱ ያበጠበትን ሰው ሽንት ይከለክላል፣ አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ ላለበትም ለዓይኑ አደጋ ነው። ከሁሉ የሚከፋው አእምሮን ማደብዘዙ ነው። «ጃጁ» ተብለው ጥግ ይዘው የተቀመጡ አባት አርቴኑ ቀስ በቀስ ሲወጣላቸው የልጅ ልጆቻቸውን ስም መጥራት ሲጀምሩ አይቻለሁ። አባትሽ ይረሳሉ? ማታ ማታ የሌለ ሰው ያያሉ? ከሆነ ይህን ለሐኪማቸው ንገሪ፤ አርቴኑን ለመቀነስ በቂ ምክንያት ነው። በአንድ ጊዜ አታስቁሚ፤ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። የተረፈውም ብር ጥቂት ቢሆን ለሌቮዶፓው ይደመር።

ማቅለሽለሹ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በእሱ ነው።

በክኒኑ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች 250ው ሌቮዶፓ፣ 25ቱ ካርቢዶፓ ነው፤ በሚሊግራም። ካርቢዶፓ የሚጨመረው ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ እንዳይባክንና እንዳያስታውክ ነው። ይህን በደንብ ለመሥራት በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል። አባትሽ በቀን አንድ ተኩል ክኒን ስለሚወስዱ የሚያገኙት 37.5 ብቻ ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሹ የእሳቸው ድክመት አይደለም፣ መድኃኒቱ «ስላልተስማማቸው» ብቻም አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ያመጣዋል። 100/25 የሚባለው ዓይነት ከተገኘ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ 300 ሌቮዶፓና 75 ካርቢዶፓ ይሰጣል፤ ለሆዳቸው የተሻለ ነው። የመጠን ለውጥ ስለሆነ ሐኪማቸው ይዘዘው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን 250/25ቱ ነው። እሱን በመውሰድ ለመቀጠል ክኒኑን ከቁራሽ ዳቦ ወይም ከደረቅ እንጀራ ጋር ይዋጡት። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል።

ማድረግ የሌለብሽን ደግሞ አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ፕላሲል እንዳትገዢላቸው። በየመድኃኒት ቤቱ «ለማስታወክ» ተብሎ የሚሰጠው ፕላሲል፣ በሌላ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሌቮዶፓው የሚያመጣውን ዶፓሚን እዚያው አንጎል ውስጥ ያግደዋል። በአንድ እጅ ገዝቶ በሌላው መጣል ነው። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ታመው ተኝተው ነበር። በየቀኑ እየተገተሩ ሄደው ጉርሻ መዋጥ አቃታቸው፤ እኛም በሽታው ገፋባቸው ብለን ለቤተሰባቸው ክፉ ወሬ ልንነግር ተዘጋጀን። በአራተኛው ቀን አንዲት ነርስ የመድኃኒት ገበታውን አንሥታ «ዶክተር፣ ይህ መርፌ ለምንድነው?» አለችኝ። በየስምንት ሰዓቱ ፕላሲል ይወጉ ነበር፤ ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። መርፌው ቆመና በቀናት ውስጥ ተነሥተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ቤተሰብ ሳገኝ ፕላሲልን ሳላነሣ አላሰናብትም። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ ናቸው፤ የሌለ ነገር አዩ ተብሎ ቢታዘዝላቸው «ፓርኪንሰን አለባቸው» በይ። ማቅለሽለሹ ካልታገሰ ዶምፔሪዶን የሚባለው ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ይሻላል፤ የልብ ምት ላይ ተጽዕኖ ስላለው ግን በሐኪም ትእዛዝና ለአጭር ጊዜ ነው።

የወንድምሽን ነገር ላንሣ። አዲስ ስለሆነ የተሻለ አይሆንም። ሌቮዶፓ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ነው ለሕክምና የበቃው፤ እስካሁን ግትርነትንና ቀርፋፋነትን በመፍታት የሚበልጠው ክኒን አልመጣም። በ2014 ከእንግሊዝ የወጣ 1,620 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በሌቮዶፓ የጀመሩት በሌሎቹ ክኒኖች ከጀመሩት ይልቅ በትንሹ ቢሆንም ለዓመታት የዘለቀ የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው አሳይቷል። ርካሹ መንገድ የተሻለውም መሆኑ በሕክምና ብዙ የማያጋጥም ዕድል ነውና እንጠቀምበት።

ሌሎቹ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ፕራሚፔክሶል በዕድሜ ላልገፉ ሰዎች ይረዳል፤ ነገር ግን ድንገተኛ እንቅልፍ ያመጣል፣ አረጋውያንን ያቃዣል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ከባሕርዩ ውጪ ቁማርተኛ ያደርገዋል። በየሠፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት በተከፈተበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤቱን ገንዘብ በምሥጢር የበላ ሰው አጋጥሞኛል፤ ክኒኑ ሲቆም አመሉም ቆመ፣ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን ቀለል ያሉ ናቸው፤ ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻና ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ግን አይገናኙም። ኢንታካፖን የሌቮዶፓን ዕድሜ በቀን ውስጥ ያራዝማል፣ አማንታዲን መወራጨትን ይቀንሳል፤ ሁለቱም ለኋላ እንጂ አባትሽ ላሉበት ደረጃ አያስፈልጉም። የሚቀጥለው ክኒን ሰዓት ሳይደርስ የቀደመው መልቀቅ ቢጀምር እንኳ መጀመሪያ የሚሞከረው ያንኑ ሌቮዶፓ በትንሽ በትንሹ ከፍሎ ቶሎ ቶሎ መውሰድ ነው፤ ይህ ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወንድምሽ መርዳቱን ይርዳ፤ የተሻለው እርዳታ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳያቋርጡ የሚገዙበትን ብር በየወሩ መላክ ነው። ክኒን የሚልክ ከሆነም ከመግዛቱ በፊት የሣጥኑን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፤ ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስቱ አሳዪው። ማዶፓር 250 የሚባለው ለምሳሌ ውስጡ 200 ሌቮዶፓና 50 ቤንሰራዛይድ (የካርቢዶፓን ሥራ የሚሠራ) ነው። ቁጥሩ ከእናንተው ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ነው ብሎ የዋጠ ሰው መጠኑን ሳያውቅ ለውጧል። ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ደግሞ ከተራው ክኒን 30 በመቶ ያህል ያነሰ ሌቮዶፓ ለደም ይሰጣል። እሱ አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ እንደ ልማዳችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ከመስጠታችሁ በፊትም ጠይቁ።

ጾሙን በሚመለከት ሁለት ነገር አለ፤ ሰዓቱና ምግቡ።

ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚያልፈው የሥጋና የጥራጥሬ ፕሮቲን በሚያልፍበት በር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ይጋፋሉ፤ ክኒኑ ውጪ ይቀራል። ስለዚህ ማቅለሽለሹ ከለቀቃቸው በኋላ ክኒኑን ከምግብ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድመው፣ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው በብዙ ውኃ ይዋጡት። ሰው «ፕሮቲን» ሲባል ሥጋና እንቁላል ብቻ ይመስለዋል፤ በጾም ወቅት ገበታችን ላይ ያለው ሽሮ፣ ምስር፣ እልበት፣ ስልጆ ሁሉ ፕሮቲን ነው። በዐቢይ ጾም «ክኒኑ ከሰዓት በኋላ አልያዘኝም» ብለው የሚመጡ ሰዎች አሉኝ፤ ስጠይቃቸው ክኒኑን ከሽሮው ጋር ነው የዋጡት። ሽሮው አይቅርባቸው፣ ሰውነታቸውም እንዳይከሳ፤ ሰዓቱን ብቻ ለዩት። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቁት።

ባቄላን ለብቻው ላነሣው እወዳለሁ። የባቄላ እሸት፣ በተለይ ከነገለባው፣ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለበት። በመስከረምና በጥቅምት እሸት ጠግበው የበሉ ሕሙማን «ያለ ክኒን ተንቀሳቀስኩ» ሲሉኝ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን መጠኑ ከማሳ ማሳ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ደረቁ ባቄላ ውስጥ ያለው በጣም ጥቂት ነው፤ ማቅለሽለሹን የሚከላከል ካርቢዶፓም የለበትም። እሸቱን እንደ ምግብ ይብሉት። ክኒኑን ተክቶ ወጪ ይቀንስልናል ብላችሁ ግን እንዳትመኩበት። በብዛት ከክኒኑ ጋር ከበሉ ደግሞ መወራጨትና የደም ግፊት መውረድ ሊያመጣ ይችላል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ የጠዋቱም የቀኑም ክኒን ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን በሕሙም ላይ ቀንበር እንደማታጸና አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የንስሐ አባታቸውን ቀርበው ያናግሩ፤ ክኒኑን በውኃ መዋጥ ከተፈቀደላቸው ምግቡን እስከ ሰዓቱ ማቆየታቸው ለመድኃኒቱ ጉዳት የለውም፤ ባዶ ሆድ ላይ እንዲያውም በደንብ ይገባል። ግን ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ የሌቮዶፓ አንዱ ጣጣ ሰው ሲቆም የደም ግፊት መውረዱ ነውና፣ ረጅሙን ጾም አልመክርም።

ጸበሉ መልካም ነው፤ ይጠመቁ፣ ይጠጡም። መድኃኒቱን ማቆም ግን አይሆንም። እዚህ ላይ የምለምንሽን ያህል በሌላው ላይ አልለምንሽም። ሌቮዶፓን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ሰውን ወደ ቀድሞው መንቀጥቀጥ በመመለስ ብቻ አያበቃም። በቀናት ውስጥ ኃይለኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅና አእምሮ መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ጸበል ቦታ ሆኖ ትኩሳት ሲይዛቸው ሰው ሌላ ትርጉም ሰጥቶት ሰዓቱ እንዳያልፍ እፈራለሁ። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ተመሳሳይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ከእኔ ቃል ይልቅ የእሳቸው ይከብድላቸዋልና። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ክኒኑን በኪሱ ይያዝ፤ ቀዝቃዛው ጸበል ላይ ተገትረው እንዳይወድቁ ክኒኑ በደንብ የያዛቸውን ሰዓት መርጠው ይግቡ።

አቅርቦቱ ደግሞ የእናንተ ጥፋት ባልሆነ ነገር ይቋረጣል፤ መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ክኒን ሲገኝ የወሩን ብቻ አትግዙ፤ የሁለት ሳምንት ስንቅ አስቀምጡ። ብሩ ካልተገኘ በየጊዜው አምስት አምስት ፍሬ ጨምሪ። የአገልግሎት ጊዜውን እያየሽ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይወሰድ፤ ለሁለት የምትሰብሩትም የዕለቱን ብቻ ይሁን፤ የተሰበረ ክኒን ለእርጥበትና ለብርሃን ይጋለጣል። ክኒኑ ከገበያ ከጠፋ፣ ስንቁ ጨርሶ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ 10 ቀን ሲቀረው ሐኪማቸው ጋ ሂጂ፤ የየቀኑን መጠን በእኩል ቀንሶ ማቆየት ወይም ሌላ ዓይነት መተካት ይቻላል። አንድ ቀን ሙሉ ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ግን አይሁን።

አባትሽ ደመወዝተኛ ስላልሆኑ በቀበሌያቸው በኩል የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል መሆን ይችላሉ። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዘው ከሄዱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ያለውን ክኒን ያገኛሉ። ከዚያ ከጠፋ «የለም» ተብሎ የተጻፈበትን ማዘዣና የውጪውን ደረሰኝ ይዘሽ የመድን ክፍሉን ጠይቂ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሕሙማን የተመሠረተ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ በምክርም፣ መድኃኒት በማፈላለግም ይረዱሽ ይሆናልና አነጋግሪያቸው።

ገንዘብ የማታወጪበትንም ልንገርሽ። ፓርኪንሰን የሚታወቀው በሐኪም ዓይንና እጅ ነው፤ የደም ምርመራ አይለየውም፣ ተራው ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም ብዙ ጊዜ ደህና ነው የሚያሳየው። ሌላ በሽታ ከተጠረጠረ አንድ ጊዜ መነሳቱ ተገቢ ነው። በየዓመቱ ማንሳቱ ግን የክኒን ገንዘብ መብላት ነው። አዲስ አበባ ለሁለተኛ አስተያየት ከመሄዳችሁ በፊትም እዚሁ ጎንደር የጀመራችሁት ክትትል ላይ የተጻፈውን ሁሉ አሰባስቡ፤ ያለ ካርድ የሄደ ሰው ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል።

የማይገዛ መድኃኒትም አለ። በየቀኑ መራመድ፣ ክኒኑ በያዘበት ሰዓት፣ ረጅም ርምጃ እየወሰዱ። እግራቸው መሬት ላይ ሲጣበቅ በጭብጨባ ወይም በማሲንቆ ምት ርምጃ መቁጠር ብዙ ጊዜ ይፈታል፤ አንጎል ከውስጥ ያጣውን ምት ከውጪ ሲያገኝ ይከተለዋል። ትከሻቸው ለተያዘ የጎንደር ሰዎች እስክስታ ስመክር ይስቃሉ፤ የሞከሩት ግን አልተዉትም። ለድርቀቱ ተልባና ብዙ ውኃ፤ ሆዱ ሲቆም ክኒኑም ጨጓራ ውስጥ ይቆማልና ይህ ለመድኃኒቱም ነው።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጥሽ፤ ለዚህ አባትሽ ከማንም የተሻሉ ሰው ናቸው። አንድ ደብተር ግዢላቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ክኒኑን ከመዋጣቸው በፊት ዕድሜ ልካቸውን የጻፉትን የማመልከቻ መክፈቻ መስመር ይጻፉ፤ ከጎኑ ሰዓቱን ያስፍሩ። ከዋጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ መስመር ከሥሩ ይድገሙት። ከሰዓት በኋላም የቀኑ ክኒን ሰዓት ሊደርስ ሲል አንዴ፣ ከዋጡ በኋላ አንዴ። ፊደሉ የሚያንስበትና የሚሰፋበት ሰዓት መጠኑ ይበቃ እንደሆነ፣ የቱ ክኒን እንደሚዘገይ፣ የቱም ቶሎ እንደሚለቅ በግልጽ ያሳያል። የቀኑ ክኒን ምን እንደሚገዛላቸውም በገዛ እጃቸው ያዩታል። ቀጠሮ ስትሄዱ ከሲቲ ስካኑ ፊልም በፊት ይህን ደብተር ለሐኪሙ አውጡለት።